የግማሽ ዋጋ ልጆች

አያ ዘይኑዲን ባቡር ይወድ ነበር። ቆቦን ባቡር ረግጧት አያውቅም፤ የሚያልፍባት መኪና ነው፣ እሱም ሲሻው። ሐዲድ በዓይኑ ካላየ ሕዝብ መሃል ተቀምጦ ስለ ባቡር ማውራት ግን እንደሱ ላለ ሰው የተመቸ ነገር ነው። ማን ተነስቶ «ዋሸህ» ይለዋል? እዚሁ ቅርብ ዋጃ ደርሶ የመጣ ሁሉ ሀገር አየሁ በሚልበት መንደር፣ ጅቡቲ ደርሶ የተመለሰ ሰው ያሻውን ቢያወራ ከልካይ የለውም።

በጉብዝናው ድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ ጫኝና አውራጅ ነበር። ኋላ ቆቦ ተመልሶ ቆዳ ነጋዴ ሆነ። ከገበሬው የከብትና የፍየል ቆዳ ይሰበስባል፣ ያደርቃል፣ በዓመት አንዴ አዲስ አበባ ወስዶ ይሸጣል። ሌላው ነጋዴ ሸጦ ለሚስቱ ሻሽ ለልጆቹ ሸራ ጫማ ይዞ ሲመለስ፣ ዘይኑዲን ባቡር ተሳፍሮ ጅቡቲ ይወርዳል። ለምን ቢሉት ባሕር ለማየት። ባሕሩን አይቶ ምን ያደርጋል? ይመለሳል። ሚስቱ ሀጀራ «የሰው ባል ውጭ ሀገር ሄዶ ዕቃ ያመጣል፣ የኔው ወሬ ያመጣል» ትል ነበር።

ወሬው ስለ ባሕሩ ቢሆን እንኳ ደግ። ስለ ርካሽነቱ ነው። «ውጭ ሀገር ለመሄድ ሀብት አይጠይቅም፣ ብልሃት ነው» እያለ መስጊዱ አጥር ሥር ያስተምረናል። ሦስተኛ ማዕረግ ተሳፈሩ፤ አንደኛ ማዕረግ የተቀመጠውም ቀድሟችሁ አይደርስም። የሌሊቱን ባቡር ያዙ፤ የአልጋ ኪራይ ይተርፋችኋል። በቀን ከሄዳችሁ በስተግራ ተቀመጡ፤ ፀሐይ አታገኛችሁም። ብርቱካን ሻጩን ባቡሩ እንደቆመ አትግዙት፤ ሊነሳ ሲያፏጭ ጠብቁት፣ ያን ጊዜ እየሮጠ በግማሽ ዋጋ ያቀብላችኋል። በሶና ቆሎ ይዛችሁ ውጡ፤ ሆቴል ቤት የሞኝ መጣያ ነው። እኛም አፋችንን ከፍተን እንሰማዋለን። ከመካከላችን ሐዲድ የሚረግጥ አንድ ሰው እንደማይኖር እሱም ያውቃል፣ እኛም እናውቃለን። አፍ ዳገት አይፈራም ይባላል፤ የዘይኑዲን አፍ ባሕርም አይፈራም ነበር።

እኔ ካሳው እባላለሁ። ቤቴ ከቤቱ አጥር ለአጥር ነው፤ እርሻዬ ወደ ጎብዬ መውረጃው ላይ ነበር። እሱ እስላም እኔ ክርስቲያን፣ በሥጋ ብንቆጥር ግን ከአያት በላይ መገናኘታችን አይቀርም፤ ራያ ውስጥ በሥጋ የማይገናኝ ሰው ማግኘት ራሱ ከባድ ነው። ስለዚህ የምናገረው እንደ ባዳ አይደለም።

በስልሳ አራት ክረምቱ ሸሸ፣ በስልሳ አምስት በልጉም ቀረ። ማሽላው ጉልበት ሳይደርስ ቆሞ ደረቀ። ከብቱ መውደቅ ጀመረ። ለሁላችን የጨለመው ቀን ለአንድ ሰው ነጋለት፤ ለቆዳ ነጋዴው። ከዚያ በፊት ቆዳ ፍለጋ ቀበጥ ገበሬ ሲለምን የኖረ ሰው፣ አሁን ቆዳው በየደጁ ተኝቶ ይጠብቀዋል። በሬዎቼ ተከታትለው የወደቁ ጊዜ ደጃፌ ላይ ቀድሞ የደረሰው አልቃሽ አይደለም። ዘይኑዲን ነው፣ ቢላዋ ይዞ። «አላህ ይተካልህ ካሳው» እያለ ሲገፍፋቸው አጠገቡ ቆሜ አየሁት። ጠላሁት። ዛሬም ያን ቀን ሳስታውስ ያንገሸግሸኛል።

በግንቦት አንድ መኪና ሙሉ ቆዳ ጭኖ አዲስ አበባ ወረደ። ጎረቤቱ ሁሉ እህል ይዞ ይመጣል ብሎ መንገድ መንገድ ሲያይ ሰነበተ። ጥቂት በቆሎ ይዞ መጣ። ከበቆሎው ጋር ደግሞ በቆርቆሮ ሣጥን የተቀመጠ፣ ማኅተም ያለበት አንድ ወፍራም ወረቀት።

የባቡር ፓስ ነው። የቤተሰብ ቅናሽ ፓስ። ባልና ሚስት ከነልጆቻቸው፣ ከመስቀል በኋላ ላለው አንድ ወር፣ እስከ ጅቡቲ በፈለጉበት እየወረዱ በፈለጉበት እየተሳፈሩ በግማሽ ዋጋ የሚሄዱበት። ከሁሉ በላይ ደግሞ ድንበር ላይ ይህን ያሳየ ቤተሰብ ወደቡን ጎብኝቶ እንዲመለስ መግባት ይፈቀድለታል። እንዲህ ብሎ አስረዳን፤ እኛም ጦም አንጀታችንን ይዘን ተረዳን።

«ሰውዬ፣ አንተ እኮ ልጅ የለህም!» አለችው ሀጀራ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። «የቤተሰብ ፓስ ምን ያደርግልሃል?»

«ለብቻ ከሚቆረጠው ይረክሳላ!» አላት። «ሁለት ሆነን ብንሄድ እንኳ እናተርፋለን።»

«እኔ የጎረቤት ሬሳ ጥዬ የማላውቀው ባሕር ላይ? አልሄድም።»

አልሄድም ካለች አትሄድም። ዘይኑዲን ሚስት የማትሳፈርበት፣ ልጅ የሌለበት የቤተሰብ ፓስ ታቅፎ ቀረ። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይህ ነው፤ የሱ ላም ግን በግማሽ ዋጋ የተገዛች ናት። ስንት ጊዜ በሆዴ እንደሳቅሁበት እግዜር ይቁጠረው። ያ ሳቅ ደግሞ ለሆዴ ብቸኛው ምግብ ነበር።

ክረምቱ ሲያልቅ ቆቦ የምትታወቅ አልነበረችም። ከቆላውም ከደጋውም የመጣ ሰው በመኪናው መንገድ ዳርና ዳር ተኝቷል። ጠዋት ጠዋት የሚነሳው ይነሳል፣ የማይነሳውን ሰው ያነሳዋል። ባለቤቴ ልጆቹን ይዛ ደጋ ወላጆቿ ዘንድ ወጥታ ነበር፤ እኔ ቤት ጠባቂ ሆኜ ቀረሁ፣ የሚጠበቅ ነገር ያለ ይመስል።

ኡሙሃኒ የምትባል የሠፈራችን ልጅ ነበረች፤ ገና ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው። ባሏ ታሂር ጅቡቲ ወደብ ላይ ተሸካሚ ሆኖ ከሄደ ሁለት ዓመቱ ነው። በሹፌሮች አፍ «ከቻልሽ ነይ፣ እኔ ከወጣሁ መመለሻ የለኝም» ብሎ ልኮባታል። ሴት ልጃቸው ራህመት እሱ ከሄደ በኋላ ነው የተወለደችው፤ አባቷን አታውቀውም። በዚያ መስከረም የኡሙሃኒ ጡት ደረቀ። ራህመት ማልቀስ ተወች። የሚያለቅስ ልጅ ተስፋ አለው፤ ዝም ያለ ልጅ ግን ያስፈራል። ኡሙሃኒም ፈርታ ልጇን አዝላ ዘይኑዲን ደጅ መጣች።

«አያ ዘይኑዲን፣ በረቢ ይዘኸኝ ሂድ። እዚያ ካደረስከኝ አባቷ አለ፣ እህል አለ። እዚህ ከቀረሁ ትሞትብኛለች።»

ዘይኑዲን የቆርቆሮ ሣጥኑን ከፈተ፣ ወረቀቱን አየ፣ ዘጋው። «የቤተሰብ ነው የሚለው፣ ልጄ። አንቺ ጎረቤት ነሽ። ሕግ ነው።» እንዲህ ነበር። ከሰው ቆዳ በቀር ሁሉን የሚገፍፍ ሰው፣ ባቡር ላይ ሲደርስ ሕግ አክባሪ ነው።

ሀጀራ ከጓዳ ወጣች። «ልጅ ይላል አይደል ወረቀቱ?»

«ይላል።»

«እንግዲያው አጥባት።»

ይህን የማያውቅ ካለ ልንገረው። በኛ ሀገር የቸገረው ሰው አባት ያደርገው ዘንድ የሚፈልገውን ሰው ጡት ይይዛል። ሽማግሌ ይቀመጣል፣ ጡቱ ላይ ማር ይቀባል፣ የመጣው ሰው ያንን ይልሳል። ከዚያ በኋላ ልጅ ነው። የጡት አባት ይድረዋል፣ ይቆምለታል፣ ቢሞት ይቀብረዋል፣ ሐዘን ይቀመጥለታል። ሴት ከሆነች ልጅቷ ለሱ ሥጋው ናት፤ እሷን በሚስትነት ማሰብ የወለዷትን ልጅ ማሰብ ነው። የጡት ልጁን የደፈረ ሰው ራያ ውስጥ ሰላምታ አይሰጠውም።

ሽማግሌ ተጠራ፤ ሼህ ሙሀመድሰይድም መጡ። ማር ግን ከየት ይምጣ? ንቡም ተሰዷል። ሀጀራ አፋሮች ያመጡት የጨው ፍርካሽ ነበራት፤ ቀጥቅጣ በውሃ ለወሰችና አመጣች። «ጣፋጭ ፈልጋ አይደለም የመጣችው፣ ጨውም ይበቃታል» አለች። ዘይኑዲን ሸሚዙን ከፈተ። ኡሙሃኒ ጎንበስ ብላ ጨዉን ላሰችና «አባቴ» አለችው።

እኔ ልስቅ ነበር የመጣሁት። ዘይኑዲን ግን ፊቱ ተለዋወጠ። ሃምሳ ዓመት ልጅ ያጣ ሰው ነው፤ እንደዚያ ብሎ የጠራው ሰው የለም። ዓይኑን ወደ ግድግዳው አዞረ። እኔም ሳቁ ጠፋኝ።

ነገሩ እዚያ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ግን ቆቦ ናት፤ ወሬ ከዶፍ ይፈጥናል። በማግስቱ ዘይኑዲን ደጁን ሲከፍት ሰው ተሰልፏል። ሽማግሌው፣ ባልቴቷ፣ የዋጃው፣ የደጋው፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፤ ሁሉም ጡት ሊይዝ። ባቡር ምን እንደሆነ የማያውቁ፣ ባቡሩ እህል የሚሰጥ የመንግሥት መጋዘን የመሰላቸውም ነበሩ። አስተዋይ ሰው ቢሆን «ወገኖቼ፣ መኪናው ሁላችሁንም አይዝም» ብሎ በሩን ይዘጋ ነበር። ዘይኑዲን ግን ዕድሜውን ሙሉ ሰሚ ሲፈልግ የኖረ ሰው ነው።

«አብሽሩ!» አለ። «በመጀመሪያው ዙር ጥቂቶቻችንን፣ በሁለተኛው ዙር እናንተን!»

ሸሚዙን ከፈተ። እስከ ቀትር አጠባ። ጨዉ ደረቱን አቃጥሎት ቀይ ሆነ፤ ከሱ በዕድሜ የሚበልጡ ሰዎች «አባዬ» እያሉት ወጡ። ኡሙሰልማ የምትባል ጥርስ የሌላት አሮጊት «አባቴ ሆይ፣ ዕድሜህን ያርዝመው» ብላ መረቀችው። እኔም ከነግራጫ ጢሜ ተሰልፌ ላስሁ። ለምን ቢሉኝ ራህመትን የሚሸከም ጉልበት ያለው ሰው ያስፈልጋል ብላ ሀጀራ ከመጀመሪያው ዙር ስላስገባችኝ ነው። በአርባ አምስት ዓመቴ የቆዳ ነጋዴ ልጅ ሆንኩ።

የያዝነው መኪና ማሽላ የጫነ ነበር። አዎ፣ ማሽላ። ሰው በእህል እጦት ከሚረግፍባት ከተማ እህል ጭኖ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ መኪና። ባለቤቱ ዋጋው እዚያ ይሻለዋል። ሹፌሩ ሞላ ዘይኑዲንን ከቆዳ ንግድ ያውቀዋልና ከጆንያዎቹ ላይ አስቀመጠን፤ በየአንዳንዱ ፌርማታ ግን ወርዶ ጆንያዎቹን ይነካካል፣ እንዳንበሳበት። ሦስታችን ሕፃን ይዘን በሰው እህል ላይ ተኝተን ተራብን። እንዲህ ያለ ጉዞ ከተጓዝኩ በኋላ ስለ ሲኦል ሲነግሩኝ ብዙም አልደነግጥም።

ዘይኑዲን ግን ደስተኛ ነበር። ረመዳን ነው። «ለርካሽ ተጓዥ ከረመዳን የተሻለ ወር የለም» አለ፤ «የምሳ ወጪ የለም።» መንገደኛ መጾም የለበትም ብላ ኡሙሃኒ ብትነግረው «ለመብላት እኮ መጀመሪያ መያዝ አለብን» አላት። የያዝነውን በሶ በሙሉ ለራህመት በጠበጥንላት።

ከአዲስ አበባ በፊት ኬላ ላይ አንድ መቶ አለቃ አስቆመን። ከመንገዱ ወዲያ ሜዳው ላይ ከወሎ በእግሩ መጥቶ እንዳያልፍ የተከለከለ ሰው ተቀምጧል፤ ስንቱ እንደሆነ አልናገርም። መቶ አለቃው የማሽላውን ጆንያ አላየም። ጆንያ ያልፋል። እኛን አየን።

«ከየት ናችሁ?»

«ከቆቦ፣ ጌታዬ» አለ ዘይኑዲን።

«ውረዱ። ረሃብተኛ ከተማ እንዳይገባ ተብሏል።»

«ረሃብ አለ እንዴ፣ ጌታዬ?»

መቶ አለቃው ዙሪያውን አየ። «የለም» አለ። «ረሃብ የለም ነው የተባለው።»

«እንግዲያው እኛ ረሃብተኞች አይደለንም። ከየት እናመጣዋለን?»

«ታዲያ ወዴት ነው?»

ዘይኑዲን የቆርቆሮ ሣጥኑን ከፈተ። «ጎብኚዎች ነን። ቱሪስቶች። ይኸው የባቡር ፓስ።»

መቶ አለቃው ወረቀቱን አገላበጠው። ማኅተሙ ትልቅ ነው። «እንዲህ የመነመነ ቱሪስት አይቼ አላውቅም።»

«ረመዳን ነዋ፣ ጌታዬ።»

«ይሄስ? ማተብ አስሯል።»

«እሱ ጽጌን ይጾማል። ዘንድሮ ጾሙ አንድ ላይ ገጥሞብን።»

«ሕፃኗስ?» አለ መቶ አለቃው ቀስ ብሎ። «እሷ የምን ጾም ይዛ ነው?»

ኡሙሃኒ ናት የመለሰችው፣ የመቶ አለቃውን ዓይን ቀጥ አድርጋ እያየች። «ባቡር ካላሳያችሁኝ አልበላም ብላ ነው፣ ጌታዬ።»

መቶ አለቃው ፊቱን አዞረ። አግዳሚውን እንጨት ራሱ አነሳው። ሜዳው ላይ የነበሩት ሰዎች መኪናችን ሲያልፍ በዓይናቸው ሸኙን፤ የተራበው ቀረ፣ ቱሪስቱ አለፈ። እኔ ቀና ብዬ አላየኋቸውም።

አዲስ አበባ ባቡር ጣቢያ ገባን። ዘይኑዲን እንደ ሙሽራ ሆነ። ሦስተኛ ማዕረግ፣ በስተግራ፣ ጥላ። የሌሊቱ ባቡር እንኳ አልነበረም፤ የቀኑ ነው፣ ልናይለት ፈልጎ። ባቡሩ ሲንቀሳቀስ እጄን ያዘኝና «አየህ ካሳው? አየህ?» አለኝ። አየሁ። እውነቱን ነበር፤ ያ ሁሉ ዓመት ስንስቅበት ሐዲዱም ብርቱካኑም እንዳለው ነው። ይህ ደግሞ የበለጠ አናደደኝ።

ናዝሬትን ካለፍን በኋላ ኮንትሮለሩ መጣ። ባርኔጣ ያደረገ፣ የድሬዳዋ አማርኛ የሚናገር ጠንቃቃ ሰው ነው። ፓሱን ተቀብሎ አነበበ፣ ከዚያ እኛን ተራ በተራ አየን።

«ይሄ ማነው?» አለ ወደኔ እየጠቆመ።

«ልጄ ነው።»

«ካንተ አያንስም እኮ!»

«የጡት ልጄ ነው። ጡት ዕድሜ አይቆጥርም።» ብሎ ዘይኑዲን ልማዱን ከጨው እስከ ሽማግሌ አንድ በአንድ አስረዳው። አጠገባችን የተቀመጡት ተሳፋሪዎች ይስቃሉ። እኛ ሀገር ማንም የማይጠይቀው ነገር ነው፤ ጡት ከያዘ ልጅ ነው፣ አለቀ። ባቡሩም ይህን ያውቃል ብለን ተነሳን እንጂ፣ ለባቡር ጡት ምኑ እንደሆነ አንዳችን አላሰብንም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ዘይኑዲንም ሁለቱንም ሆኖ ፓሱን እንደያዘ ተከራከረ።

ኮንትሮለሩ ታግሶ ሰማው። «አባባ» አለው፣ «ወረቀቱ ባል፣ ሚስትና ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆች ነው የሚለው። ይህ ጎልማሳ አይሆንም። ይቺም ሴት አድጋለች፣ ልጅ ብለህ አታሳፍራትም። ሚስትህ የት አለች?»

«ቆቦ።»

«ሚስት የሌለችበት ፓስ ለድንበርም አይሠራም። ሁላችሁም አዋሽ ላይ ትወርዳላችሁ።» ሊሄድ ብሎ ቆመ። የኡሙሃኒን እቅፍ አየ። ራህመት አፏን ከፍታ ተኝታለች፤ ትንፋሿ ይቆራረጣል። ሰውዬው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ወይስ ይቺ ናት ሚስትህ? ከሆነች እሷና ሕፃኗ ያልፋሉ። እኔ የነገርከኝን ነው የምጽፈው።»

ደግ ሰው ነበር። የሚያደርገውን ያውቃል። ግን ምን እንደጠየቀ አያውቅም።

ዘይኑዲን ወረቀት የመሰለ ፊት ይዞ ቀረ። ይህ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ዋሽቷል፤ በባሕሩ ልክ፣ በዓሣው ልክ፣ ኬላው ላይ ለመንግሥት ሳይቀር። አሁን አንዲት ቃል ናት የሚፈለግበት። አላወጣትም። እኔ ጎኑን ጎሰምኩት፤ «በል እንጂ፣ ማን ይሰማሃል?» አልኩት።

«እኔ እሰማለሁ» አለኝ።

ኡሙሃኒ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። «አባ» አለችው ከነጠላው ሥር። «ትሞትብኛለች። በል።»

የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይላል የሀገሬ ሰው። ከዚያ የባሰ የቸገረው ምን እንደሚያገባ የተናገረ ግን የለም። ዘይኑዲን እጁን አንስቶ ራህመት ግንባር ላይ አሳረፈ፣ ትኩሳቷን ለካ። ከዚያ ወደ ኮንትሮለሩ ሳይሆን ወደ መስኮቱ ዞሮ፣

«ሚስቴ ናት» አለ።

ኮንትሮለሩ ወረቀቱ ላይ ማኅተም መታና ሄደ። ተሳፋሪዎቹ እንደገና ሳቁ፤ ሽማግሌው ወጣት አግብቷል ብለው። አንዱ «ማሻአላህ!» አለው። ዘይኑዲን እንዳልሰማ ሆነ። ኡሙሃኒ አዋሽ እስክንደርስ ታለቅስ ነበር፤ አንድ ጊዜ «አባ» ብላ ጠራችው፣ እሱ ግን አልመለሰላትም። ከዚያ ወዲህ አቤት የማለት መብት እንደሌለው ያህል ነበር የሚቆጥረው። በዚያ ሰዓት ጥላቻዬ የት እንደገባ አላውቅም። አዘንኩለት፣ እጅግ አዘንኩለት።

እኔ አዋሽ ላይ ወረድኩ። ከሰል ሲጭኑ የነበሩ ሰዎች ጉልበቴን በእንጀራ ቀየሩልኝ፤ ስበላ ያለቀስኩት የዚያን ቀን ነው። ዘይኑዲንን እዚያው ጠበቅሁት። ሲመለስ ብቻውን ነበር። ታሂር አስጠርተውት ወደቡ በር ላይ መጥቶ ሚስቱንና ልጁን ተቀበለ፤ ለራህመት ወተት ገዛላት፣ ጠጣች፣ መልሳ አወጣችው፣ እንደገና ጠጣች። ይህን ሁሉ ነገረኝ። ስለ ባሕሩ ጠየቅሁት።

«አላየሁትም» አለኝ። «እዚያው ነበር፤ አላየሁትም።»

በመንገዱ ሁሉ መከርኩት። «ቆቦ ስንገባ ስለ ሚስቴ ናት ነገር አፍህን ዝጋ። እኔም አልሰማሁም።»

«ሁለተኛ ዙር ብያቸዋለሁ እኮ፣ ካሳው። የጡት ልጅ በፓሱ እንደማይገባ ልነግራቸው ነው። እንግዲያው ኡሙሃኒ እንዴት ገባች ሲሉኝ ምን ልበል?»

«ዋሽ! ታውቅበት የለም?»

«ስለ ብርቱካኑ አልዋሸሁም፤ አይተሃል። ሌላው ሌላው ይቅር። በዚህ ከዋሸሁ ግን ያጠባሁት ሁሉ ውሸት ይሆናል» አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት እውነት በጣም በማይጠቅምበት ቀን መጣ።

ቆቦ ስንገባ መጠለያ ተከፍቶ፣ ከውጭ የመጡ ሰዎች ገንፎ ማደል ጀምረው ነበር። ለብዙው ዘግይቶበታል። ሀጀራ ደጃፉ ላይ ቆማ ተቀበለችን፤ ከሁለተኛው ዙር ልጆች ማን እንዳለ፣ ማን እንዳለፈ ነገረችው። ኡሙሰልማ አልፋለች። የዋጃው ሽማግሌ አልፏል። ስማቸውን እንኳ ያልጠየቅናቸው የደጋ ሰዎች አልፈዋል። አንዳንዶቹ በመጨረሻ ሰዓት ቀባሪ ማን አላችሁ ሲባሉ «አባታችን ዘይኑዲን፣ በባቡር ሊወስደን ሄዷል» ብለው ነበር።

ዘይኑዲን ዋርካው ሥር ሽማግሌ አስጠራ። ራሱ ነው ያስጠራው። ነገሩን ከኬላው እስከ ኮንትሮለሩ ሳይቀንስ ተናገረ። «የጡት ልጄን ሚስቴ ናት ብያለሁ» አለና ተቀመጠ።

ያን ጊዜ ሀገሬን አፈርኩባት። ግማሹን ልጇን የቀበረች ከተማ፣ ሰው ለማንሳት ጉልበት ያጣች ከተማ፣ ሰው ለማውገዝ ግን ጉልበት አገኘች። አንዱ «ያፈረሰው ጡት ነው» አለ፣ ሌላው «አፉ ካለው ልቡም አስቦታል» አለ። ሼህ ሙሀመድሰይድ በኪታቡ ጨው የተላሰበት የወንድ ደረት ጡት እንዳልሆነ ያውቃሉ። ሊናገሩም ጀምረው ነበር። ግን ኪታብ ሌላ፣ ቆቦ ሌላ፤ ጩኸቱ ሲበዛባቸው ተዉት። ሕፃኗ ኖራለች ወይ ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው የለም። እኔ «ኖራለች!» ብዬ ጮህኩ። ልጁ ስለሆንኩ ምስክርነቴ አይያዝም አሉኝ።

ተፈረደ። «ዘይኑዲን ጡት አፍርሷል። ከዛሬ ጀምሮ ያጠባቸው ሁሉ ልጆቹ አይደሉም። እሱም አባታቸው አይደለም።»

ዘይኑዲን አንገቱን ደፍቶ ሰማ። ከዚያ ቀና አለ።

«የሞቱትም?» አለ።

ሽማግሎቹ ተያዩ። «ሁሉም» አለ አንደኛው።

«በሕይወት ያሉትን ውሰዱ፤ አልተከራከርም» አለ ዘይኑዲን። «የሞቱትን ግን ተዉልኝ። ሐዘን የሚቀመጥላቸው ሌላ ሰው የላቸውም።»

ፍርዱ አልተሻረም። እሱ ግን ተነስቶ ቤቱ ሄደና ደጃፉ ላይ ሰሌን ዘርግቶ ተቀመጠ፤ ሀጀራም አጠገቡ ተቀመጠች። ትንሽ ቆይተው ሼህ ሙሀመድሰይድ መጡ። ከኋላቸው ሌላውም ተከተለ፤ የፈረዱበትም ሳይቀሩ ጫማቸውን እያወለቁ ተቀመጡ። እኔ ግን በሕይወት ስለነበርኩ ልጁ አልነበርኩም፤ እንደ ጎረቤት ገብቼ «አላህ ያጥናህ» ብዬው ከሰሌኑ ጫፍ ተቀመጥኩ።